የቤት ቪዲዮን ቀለም፣ ብርሃንና ኮንትራስት ማስተካከል

በቪዲዮ ቅንብር ውስጥ ከለር ኮሬክሽን የሚባለው ሥራ የተቀረጸውን ምስል ብርሃን፣ ኮንትራስት (በጨለማውና በደማቁ መካከል ያለውን ልዩነት) እና ቀለም በማረም ምስሉ በቦታው የነበረ ሰው ካየው ጋር እንዲቀራረብ፣ በተለያየ ሰዓትና ቦታ የተነሡ ክሊፖችም እርስ በርሳቸው እንዲስማሙ ማድረግ ነው። ለትዕይንቱ የተለየ ስሜት ለመስጠት ታስቦ ከሚሠራው ከለር ግሬዲንግ ይለያል፤ ማረሙ ይቀድማል፣ ግሬዲንጉ ደግሞ በታረመው ምስል ላይ ይሠራል። በመብራት ባለሙያ ታግዞ ከሚቀረጽ ፊልም ይልቅ ይህ ሥራ የሚያስፈልገው በተገኘው ብርሃን፣ አብዛኛውን ጊዜም በአውቶማቲክ ካሜራ ለሚነሣው የልደት፣ የምረቃ ወይም የጉዞ ቪዲዮ ነው።

የችግሩ ዋና ምንጭ ዓይንና ካሜራ ብርሃንን የሚቀበሉበት መንገድ መለያየቱ ነው። ነጭ ወረቀት በሻማ ብርሃንም ሆነ ከዛፍ ጥላ ሥር ለሰው ነጭ ሆኖ ይታየዋል፤ አእምሮ የብርሃኑን ቀለም ራሱ ያካክሳልና። ካሜራ ግን የደረሰውን ብርሃን እንዳለ ይመዘግባል። የብርሃን ቀለም በኬልቪን ሲለካ የሻማ ነበልባል ወደ 1900፣ ባለ ክር የቤት አምፖል ወደ 2700፣ የቀትር ፀሐይ ወደ 5500 የሚደርስ ሲሆን፣ ጠራ ባለ ቀን ጥላ ሥር ያለው ብርሃን ከ7000 ሊያልፍ ይችላል። ቁጥሩ ዝቅ ሲል ብርሃኑ ወደ ብርቱካንማ፣ ከፍ ሲል ወደ ሰማያዊ ያደላል። ካሜራው ይህንን ለማካካስ ዋይት ባላንስ የተባለ ስሌት ይጠቀማል፤ ስሌቱ ለአውቶማቲክ ከተተወ ግን ካሜራው ከመስኮት ወደ ግድግዳ በዞረ ቁጥር ስለሚለዋወጥ፣ አንዱ ቀረጻ በመካከሉ ቀለሙን ይቀይራል። ከሁሉም የሚያስቸግረው በመስኮት ብርሃንና በአምፖል በአንድነት የተነሣ ፊት ነው፤ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካንማ ስለሚሆን መላውን ምስል የሚያሞቅ ወይም የሚያቀዘቅዝ አንድ ማስተካከያ ብቻውን አይፈታውም።

በዲጂታል ቪዲዮ ብርሃንና ቀለም በቁጥር ይቀመጣሉ። አብዛኛው የቤት ቪዲዮ 8 ቢት ነው፤ ይህም ለእያንዳንዱ መለኪያ 256 እርከኖች ብቻ ይሰጣል፣ በ10 ቢት ግን እርከኖቹ 1024 ይደርሳሉ። በተለመደው የ8 ቢት ቪዲዮ ጥቁር በ16፣ ነጭ በ235 ላይ ይቀመጣል። ማስተካከያ እነዚህን ቁጥሮች ከማሸጋሸግ በቀር ያልተቀረጸ ዝርዝር ሊፈጥር አይችልም። ሰማዩ በቀረጻው ጊዜ ሙሉ በሙሉ ነጭ ከሆነ ብርሃኑን መቀነስ ወደ ግራጫ ይለውጠዋል እንጂ ደመናውን አይመልስም። በጣም የጨለመ ክፍል ሲፈካ ደግሞ በጥላው ውስጥ ተደብቆ የነበረው ኖይዝ የተባለው የነጠብጣብ ሁከት ጎልቶ ይወጣል፤ ጥቂት እርከኖች ሲለጠጡም በሰማይና በግድግዳ ላይ መስመር መስመር ያለ ሽግግር ይታያል።

በብዙ ሶፍትዌሮች ውስጥ ብራይትነስ የተባለው ተንሸራታች ምስሉን በሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች፣ በፒክስሎቹ ሁሉ ላይ እኩል መጠን ይጨምራል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚነካው ይህንን ነው፤ ውጤቱ ግን ጥቁሩ ግራጫ መሆኑ፣ ደማቁም ከነጭ ጣሪያው ማለፉ ነው። ስለዚህ ሊፍት፣ ጋማና ጌይን የተባሉትን ሦስቱን ለይቶ መጠቀም በእጅጉ ይሻላል። ሊፍት በዋናነት ጥቁሩን፣ ጌይን ደማቁን፣ ጋማ ደግሞ የመካከለኛውን ብርሃን ይገዛል። መስኮትን ከኋላው አድርጎ የተነሣ ሰው ፊቱ ሲጨልም፣ ጋማውን ከፍ ማድረግ ጥቁሩንም ሆነ መስኮቱን ብዙ ሳይነካ ፊቱን ያወጣዋል። ኮንትራስት መጨመር ማለት ጨለማውንና ደማቁን ከመካከሉ ማራራቅ ነው፤ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ላይ በየብቻ ሲሠራ ቀለሙንም አብሮ ያደምቃል። ብርሃንና ኮንትራስት ከሳቹሬሽን፣ ማለትም ከቀለም ድምቀት በፊት መስተካከል ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ አለዚያ ቀለሙን ሁለት ጊዜ ማረም ግድ ይሆናል።

ዓይን ስክሪኑን ለጥቂት ደቂቃዎች ካየ በኋላ የተዛባውን ቀለም ትክክል አድርጎ መቀበል ስለሚጀምር፣ ሥራው በመለኪያዎች መታገዝ አለበት። ሂስቶግራም በየብርሃን ደረጃው ስንት ፒክስል እንዳለ፣ ዌቭፎርም ብርሃኑ በምስሉ ውስጥ ከግራ ወደ ቀኝ እንዴት እንደተሰራጨ፣ ቬክተርስኮፕ ደግሞ የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት ያሳያሉ። በቬክተርስኮፕ ላይ የሰው ቆዳ የሚያርፍበት መስመር አለ፤ የጠቆረም ሆነ የነጣ ቆዳ በብርሃን መጠን ይለያይ እንጂ በቀለም አቅጣጫው እዚያው አካባቢ ስለሚሰበሰብ፣ ለቤት ቪዲዮ ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ መመሪያ አይገኝም። ሦስቱን ቀለሞች ጎን ለጎን የሚያሳየው ፓሬድ የተባለው መለኪያ ደግሞ ነጭ ወይም ግራጫ መሆን የሚገባው ነገር ወዴት እንዳደላ ወዲያውኑ ይናገራል። አረንጓዴን ሲነኩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ለኤችዲ ቪዲዮ በወጣው ቢቲ 709 በተባለው መስፈርት የብርሃኑ 72 በመቶ ያህል የሚሰላው ከአረንጓዴ ሲሆን የሰማያዊ ድርሻ 7 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፣ ስለዚህ አረንጓዴን መቀነስ ምስሉን ያጨልመዋል።

ክሊፖችን ማመሳሰል የሚጀምረው ከትዕይንቱ የተሻለውን አንድ ክሊፕ አርሞ ሌሎቹን ወደ እሱ በማቅረብ ነው። በቀረጻ መካከል ብርሃኑ ለሚለወጥ ክሊፕ እርማቱን ከጊዜው ጋር የሚቀይር ኪፍሬም፣ ለአንድ ፊት ወይም ለአንድ ጥግ ብቻ የሚሠራ እርማት ደግሞ የምስሉን ክፍል የሚከልል ማስክ ያስፈልጋል። እነዚህ መሣሪያዎች ቀድሞ በትላልቅ ስቱዲዮዎች ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ ግን በነፃ በሚገኙት በኬደንላይቭ፣ በሾትካትና በዳቪንቺ ሪዞልቭ ነፃ ስሪት ውስጥም ይገኛሉ።

ከቪኤችኤስ ካሴት የሚገለበጥ ቪዲዮ የራሱ ጠባይ አለው። ካሴቱ ቀለምን ከብርሃኑ እጅግ ባነሰ ዝርዝር ስለሚይዝ ቀይ ልብስ ከጠርዙ ፈስሶ ይታያል፤ ሳቹሬሽን ሲጨመርም መፍሰሱ ይብሳል። በመጠኑም ቢሆን ዲጂታሉም ከዚህ አያመልጥም፤ በተለመደው የ4፡2፡0 አቀማመጥ አራት ፒክስሎች አንድ የቀለም መረጃ ይጋራሉ። ካሴት ሲገለበጥ ደማቁና ጥቁሩ እንዳይቆረጡ ደረጃውን ማስተካከል ያለበት ገና ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ ነው፤ ያኔ የተቆረጠው በኋላ በሶፍትዌር አይመለስም።

ስክሪኑም መታረም አለበት። ነጩ ወደ 6500 ኬልቪን የቀረበ፣ የማታ ሁነታውና ብርሃንን በራሱ የሚቀያይረው ሥርዓት የተዘጋ፣ መስኮት የማያንጸባርቅበት መሆን ይገባዋል። ብዙ የቅርብ ጊዜ ስልኮች ከተለመደው ሰፋ ያለ የብርሃን ክልል በሚይዘው በኤችዲአር ይቀርጻሉ፤ እንዲህ ያለ ክሊፕ ያለ ቀለም ልወጣ በተራ ፕሮጀክት ውስጥ ሲከፈት የደበዘዘ ወይም ከልክ በላይ የፈካ ይመስላል። ይህ የቀረጻ ጉድለት ስላልሆነ በኮንትራስት ሊታገሉት አይገባም፤ አስቀድሞ ወደ ቢቲ 709 መለወጥ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ እርማቱን መጀመር ያስፈልጋል።