የፓርክ መሬት ጥበቃ ምንድን ነው?

የፓርክ መሬት ጥበቃ ለሕዝብ መናፈሻ የተተወ ቦታ ወደፊት ለሌላ ጉዳይ እንዳይውል አስቀድሞ በሕግ ማሰር ነው። ዛፍ መትከልና ቆሻሻ ማንሣት እንክብካቤ ይባላል፤ ከጥበቃ ጋር ግን አንድ አይደለም። ሁለቱ ሲምታቱ፣ ሰዎች ለዓመታት ያጸዱትንና ያለሙትን ሜዳ አንድ ቀን ለግንባታ ታጥሮ ያገኙታል።

እንደ ሮታሪና ላየንስ ያለ የበጎ አገልግሎት ክበብ ስለ አካባቢው መናፈሻ ለመማር ባለሙያ ሲጋብዝ፣ ከአባላቱ ቶሎ የሚነሣው ጥያቄ «መቼ ወጥተን እንትከል?» የሚል ነው። ቅንነቱ የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን ክበቡ አካፋ ከማንሣቱ በፊት የመሬቱን የባለቤትነት ሰነድ እንዲያነብ አጥብቄ እመክራለሁ። መሬቱ በማን ስም ተመዝግቧል? «ለፓርክ ብቻ» የሚል ግዴታ ሰፍሮበታል ወይስ ቦታው ባዶ ስለሆነ ብቻ ነው ሕዝብ የሚናፈስበት? ከተማው ልሽጠው ቢል የማን ፈቃድ ያስፈልገዋል? በከተማው ፕላን ላይ አረንጓዴ ቀለም መቀባቱ ብቻውን አያስተማምንም። ፕላኑን አንድ ስብሰባ ሊያሻሽለው ከቻለ፣ ፓርኩንም ያው ስብሰባ ሊያጠፋው ይችላል።

መሬትን ለሕዝብ በአደራ የሚይዝ ማኅበር የማቋቋም ሐሳብ መልክ የያዘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 የመልክዓ ምድር ንድፍ ባለሙያው ቻርልስ ኤሊየት ባቀረበው ሐሳብ መነሻነት በአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት እንዲህ ያለ ማኅበር በሕግ ተቋቋመ። በ1895 ደግሞ ኦክታቪያ ሂል፣ ሮበርት ሃንተርና ሃርድዊክ ሮንዝሊ በብሪታንያ ናሽናል ትረስትን መሠረቱ። ማኅበሩ መጀመሪያ የተረከበው መሬት ፋኒ ታልቦት የተባሉ ሴት የሰጡት፣ በዌልስ ባሕር ዳርቻ ያለ ሁለት ሄክታር እንኳ የማይሞላ ኮረብታ ነው። በ1907 የወጣ ሕግ ማኅበሩ ይዞታዎቹን የማይሸጡ የማይለወጡ ብሎ እንዲያውጅ ሥልጣን ሰጠው። ያ ኮረብታ ዛሬም በማኅበሩ እጅ ነው።

መሬቱ የመንግሥት ሲሆን መንገዱ ይለያል። በማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1972 በጸደቀው አንቀጽ 97 መሠረት፣ ለተፈጥሮ ጥበቃ የተያዘን የሕዝብ መሬት ለሌላ ዓላማ ለማዋል የሁለቱም የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። በኒው ዮርክ ግዛት ደግሞ ፍርድ ቤቶች ፓርክን ከተማው ለሕዝብ በአደራ የያዘው ንብረት አድርገው ያዩታል።

የዚህ አደራ ክብደት በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ ክፍል በሚገኘው ቫን ኮርትላንድት ፓርክ ጉዳይ ጎልቶ ታይቷል። የኒው ዮርክ ከተማ ከፓርኩ ሥር የመጠጥ ውሃ ማጣሪያ ጣቢያ ሊገነባ አቀደ። ግንባታው ሲያልቅ አፈሩ ተመልሶ፣ ሣሩም በቅሎ ቦታው እንደነበረ ይሆናል ተባለ። ዓላማውም ለሕዝብ የሚጠቅም ነበር። የፓርኩ ወዳጆች ግን ክስ መሠረቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 የግዛቱ የመጨረሻው ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። መሬቱ ባይሸጥም፣ ኋላ ቢመለስም፣ ሕዝቡ ለዓመታት ከቦታው የሚከለከል በመሆኑ የግዛቱ ሕግ አውጪ አካል በግልጽ መፍቀድ አለበት አለ። ፈቃዱ በ2003 ተሰጠ፤ ጣቢያውም ተሠራ። ሆኖም ከተማው በልዋጩ ለብሮንክስ ፓርኮች ማሻሻያ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ጥበቃ ሁልጊዜ ግንባታን ያስቀራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ውሳኔው ግን በአደባባይ፣ ዋጋ ተከፍሎበት እንዲሆን ያስገድዳል፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ፓርክን የሚያዋስን የግል መሬት ሲኖር ደግሞ ሌላ ስልት አለ። ባለመሬቱ ይዞታውን እንደያዘ፣ የመገንባት ወይም የመሸንሸን መብቱን በውል ለጥበቃ ድርጅት ይተዋል። ውሉ በመሬት መዝገብ ስለሚሰፍር ወራሽንም ገዢንም ያስራል።

ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ ያለው ሥራ እግር የሚያደክም ነው። የጥበቃ ድርጅት ሠራተኞች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ወሰኑን በእግራቸው ይዞራሉ፤ ችካሎቹን ይፈትሻሉ፣ አምና ፎቶግራፍ ከተነሣበት ነጥብ ቆመው እንደገና ያነሣሉ፣ ሁለቱንም ያስተያያሉ። ወሰን ገፊ በአንድ ሌሊት አይገፋም። መጀመሪያ ያጨደውን ሣር ከአጥሩ ማዶ ይጥላል፤ ቀጥሎ ማገዶ ይከምራል፤ ከዚያ ትንሽ የዕቃ ቤት ይሠራል። ማንም ሳይናገረው ብዙ ዓመት ከቆየ፣ በብዙ አገሮች ሕግ በይርጋ መብት አገኘሁ ብሎ ሊከራከር ይችላል፤ በተለይ መሬቱ የግል ማኅበር ንብረት ከሆነ። በቶሎ የታየ ግፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጨዋ ደብዳቤ ይፈታል።

ክበብ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አባላቱ የአካባቢውን ሰው ያውቃሉ፣ በየጊዜው ይሰበሰባሉ፣ ደግሞም አንድ መሪ ሲሄድ ሌላ ይተካል። ወሰኑን ለመዞር ተራ ማውጣት ይችላሉ። የምክር ቤቱ አጀንዳ ፓርኩን በሚነካበት ቀን ሁለት ሦስት ሆነው ወንበር መያዝ ይችላሉ፤ ባዶ አዳራሽ ውስጥ የሚወሰነውና ሰው እያየ የሚወሰነው አንድ አይደለም። ገንዘብ ካሰባሰቡም ለቅየሳ፣ ለጠበቃና ለዓመታዊ ቁጥጥር የሚሆን ቋሚ ፈንድ ቢያግዙ እመርጣለሁ፤ ለጋሾች ስማቸው የሚጻፍበት አግዳሚ ወንበር መስጠት ስለሚወዱ ይህ ወጪ ሁልጊዜ ባለቤት ያጣል። ችግኝ ተከላውም ይቀጥል፤ ነገር ግን የትኛው ዝርያ ለቦታው እንደሚስማማ ከፓርኩ ባለሙያ ጋር ተነጋግረው፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረቅ ወቅቶች ማን እንደሚያጠጣም በስም መድበው ይሁን።