ሊበርታሪያን ማለት «ግብር አልከፍልም» ባይ ነው?

ሊበርታሪያን (የመንግሥት ሥልጣን ይጥበብ፣ የግለሰብ ነጻነትና ንብረት ይከበር የሚል ሰው) የሚለው ቃል ጨዋታ መሃል ከገባ የሚከተለው ይታወቃል። መንግሥት ይፍረስ ባዮች፣ የሀብታም ጠበቆች፣ ድሃው ይራብ የሚሉ ጨካኞች ይባላሉ። ሐሳባቸውን የማይቀበል መብቱ ነው። ያላሉትን አፋቸው ውስጥ እየከተቱ መርታት ግን ክርክር አይባልም። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«የሪፐብሊካን ፓርቲ ክንፍ ናቸው።» ሪፐብሊካን ሆነው ምክር ቤት የገቡ አሉ፤ ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ የራሳቸው ፓርቲ አላቸው። በ2016 የፓርቲው የፕሬዚዳንት ዕጩ ጋሪ ጆንሰን ከ4 ሚሊዮን በላይ ድምፅ አግኝቷል።

«ለትልልቅ ኩባንያ የቆሙ ናቸው።» በ2008 ባንኮቹን በሕዝብ ገንዘብ ለማዳን የቀረበውን ሕግ «አይሆንም» ብለው ድምፅ ከሰጡት አንዱ ሮን ፖል ነበሩ፤ በ1988 የዚሁ ፓርቲ የፕሬዚዳንት ዕጩ የነበሩት። ድጎማም ሆነ ከውጭ ዕቃ የሚከላከል ቀረጥ አይፈልጉም። የከሰረ ይዘጋ ነው የሚሉት።

«የአካዳሚ ነጻነትን (የመምህሩን የማስተማርና የመመራመር ነጻነት) የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በየዩኒቨርሲቲው ይጠብቃል።» ይሄ ስለ ሊበርታሪያን የሚባል ሳይሆን የብዙ ሰው ስሕተት ነው። የመናገር ነጻነትን የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያው ማሻሻያ የሚያስረው መንግሥትን ብቻ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ሊጠቅሰው ይችላል፤ በግል ኮሌጅ የሚያስተምር ግን መከታው የቅጥር ውሉ ነው። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የመምህራኑን መመሪያ መጽሐፍ አውጥቶ፣ የአሜሪካ ፕሮፌሰሮች ማኅበር የ1940 የአካዳሚ ነጻነት መግለጫ የውሉ አካል መሆን አለመሆኑን ማየት ነው። ሊበርታሪያኖች የሚሉትም ከዚህ ብዙ አይርቅም፦ የሃይማኖት ኮሌጅ በራሱ ገንዘብ የራሱን ደንብ ያውጣ፣ ግን አስቀድሞ ይናገር። ሚሺጋን ያለው ሂልስዴል ኮሌጅ የፌዴራል ገንዘብ፣ የተማሪ ብድርን ጨምሮ፣ አልቀበልም ያለው በዚሁ መንገድ ነው። የቋሚ መምህርነት ዋስትናንም ሁሉም አይጠሉትም፤ ኢኮኖሚስቱ ሃየክ በ1960 ተከራክሮለታል።

«ድሃው ይራብ ነው የሚሉት።» ይቺን ስሰማ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው። ግብር ስርቆት ነው ያለው ኢኮኖሚስቱ ሮትባርድ ነው። ፈላስፋው ኖዚክ ደግሞ በላብ ገቢ ላይ የሚጣል ግብርን ከግዳጅ ሥራ ጋር ቢያመሳስለውም ፖሊስና ፍርድ ቤት ይኑር ብሏል። ሃየክ ማንም ከሱ በታች የማይወርድበት ዝቅተኛ ገቢ በመንግሥት ቢረጋገጥ አልተቃወመም። ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይሆንም። ኢኮኖሚስቱ ሚልተን ፍሪድማንማ በ1962 ለድሃው በቀጥታ ጥሬ ገንዘብ ይሰጠው ብሎ ስሌቱን ጭምር አስቀምጧል። (ይኸው ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሲሠራ፣ ግብር ከደመወዝ ላይ ቀድሞ የሚቆረጥበትን አሠራር ካዘጋጁት አንዱ ነበር። ኋላ ቆጭቶታል።)

ስሌቱ አሉታዊ የገቢ ግብር ይባላል። ለምሳሌ ያህል እርዳታው የሚያበቃበትን ገቢ 20,000 ዶላር፣ ምጣኔውን 50 በመቶ እናድርገው። ምንም ገቢ የሌለው ሰው የ20,000ውን ግማሽ፣ 10,000 ይቀበላል። 8,000 ሠርቶ ያገኘ ሰው ከ20,000ው 12,000 ይጎድለዋል፤ የጉድለቱ ግማሽ 6,000 ሲጨመርለት 14,000 ይዞ ይገባል። 20,000 የደረሰ አይቀበልም፣ አይከፍልም። ዋናው ነገር፣ የሠራ ሁልጊዜ ካልሠራው ይበልጣል።

የሚበላሸው በነበረው እርዳታ ላይ ሲደረብ ነው። የፍሪድማን ሐሳብ እነዚያን እንዲተካ ነበር። የኒክሰን መንግሥት ተመሳሳይ ዕቅድ አምጥቶ በነባሮቹ ላይ ሲደርበው፣ ራሱ ፍሪድማን ተቃወመው። ምክንያቱ ዛሬም ይታያል። በ1975 የመጣው ለሠራተኛ የሚሰጠው የግብር ተመላሽ (ኢ.አይ.ቲ.ሲ.) የዚያ ሐሳብ የሩቅ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ላልሠራ ምንም አይሰጥም። ሁለት ልጅ ላለው፣ ሠርቶ በሚያገኘው በእያንዳንዱ ዶላር 40 ሳንቲም እየጨመረ ይወጣል፣ ጣሪያው ላይ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ በዶላር 21 ሳንቲም እየቀነሰ ይወርዳል። መውረጃው ላይ ያለ ቤተሰብ ፉድ ስታምፕም (የመንግሥት የምግብ እርዳታ) ካለው፣ ለተጨማሪ አንድ ዶላር ደመወዝ ከፉድ ስታምፑ 24 ሳንቲም ገደማ ይቀነስበታል። ለጡረታና ለአረጋውያን ሕክምና (ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር) 7.65 ሳንቲም ይቆረጣል። ተደምሮ ከ52 ሳንቲም በላይ ነው። «ትርፍ ሰዓት ምን ያደርግልኛል» የሚል ሰው ሰነፍ ላይሆን ይችላል፤ ደምሮታል።

በዚህ ተመላሽ አሜሪካ ካለው የእኛ ሰው ብዙው የሚሳሳትበትም አለ። ታክሲ ወይም ኡበር የሚነዳ፣ ደብሊው ቱ (ከአሠሪ የሚሰጥ የደመወዝ ማስረጃ) ባይኖረውም፣ ወጪው ተቀንሶ በሚቀረው የተጣራ ገቢ መጠየቅ ይችላል። ወጪውን ግን እንዳለ መቀነስ ግዴታው ነው፤ ተመላሹን ለማሳደግ የነዳጅ ደረሰኝ መደበቅ አይቻልም። ባልም ሚስትም ለሥራ የሚያገለግል ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሊኖራቸው ይገባል፤ በአይ.ቲ.አይ.ኤን. (ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ለማያገኝ ሰው በሚሰጥ የግብር ቁጥር) አይሆንም። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የግብር ማስገቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ከወጣ ለዚያ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ አይጠየቅበትም። ልጅ የሌለው ዕድሜው ከ25 እስከ 64 መሆን አለበት። የማይገባውን በቸልታ የጠየቀ ለ2 ዓመት፣ በማጭበርበር የጠየቀ ለ10 ዓመት ይታገዳል። ይህን የጠየቀ ሰው በጥር ቢያስገባም ገንዘቡ ከየካቲት አጋማሽ በፊት አይለቀቅም፤ ሕጉ ነው፣ ሒሳብ ሠሪውን በስልክ ማጨናነቅ አያፋጥነውም።