በድሬዳዋ ሕፃናትን መረጃ ሰጪ ጽሑፍ አንብቦ መረዳትን ማስተማር

መረጃ ሰጪ ጽሑፍ የሚባለው ስለ አንድ እውነተኛ ነገር ለማሳወቅ የተጻፈ ምንባብ ነው፤ ስለ ግመል፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ባቡር፣ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ። ሕፃናት ተረትን ከአያቶቻቸው አፍ እየሰሙ ስለሚያድጉ አካሄዱን አስቀድመው ያውቁታል። ይህኛው ግን «ከዕለታት አንድ ቀን» ብሎ አይጀምርም፤ አነባበቡም ለብቻው መማርን ይጠይቃል። ችላ የተባለው በእኛ አገር ብቻ አይደለም። ተመራማሪዋ ኔል ዱክ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ባዩአቸው 20 የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍሎች ለዚህ ዓይነት ጽሑፍ የሚውለው ጊዜ በቀን በአማካይ 3.6 ደቂቃ ብቻ ሆኖ ተገኝቷል።

ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የምድር ባቡሩ ሐዲድ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማልኛ ይሰጥባታል፤ በአንድ ሰፈር የሚጫወቱ ልጆችም ሦስቱን ቋንቋዎች ሲቀላቅሉ መስማት የተለመደ ነው። ስለዚህ በአማርኛ የሚማር ልጅ የምንባቡን ቃል ባያውቅ እንኳ ነገሩን በቤቱ ቋንቋ ሊያውቀው ይችላል። መምህሩ ልጁ የተረዳውን በዚያው ቋንቋ እንዲናገር ፈቅዶ ወደ አማርኛው ቢመልሰው ትምህርቱ ይጠልቃል እንጂ አይጎዳም።

የቄስ ትምህርት ቤቱ ፊደል ቆጠራ፣ አቡጊዳና የዳዊት ንባብ፣ የቁርኣን ትምህርት ቤቱም የሎሕ (የእንጨት ሰሌዳ) ንባብ፣ ድምፁን አስቀድመው ትርጉሙን ለኋላ የሚያቆዩ ናቸው። ጥራት ያለው ንባብና ጠንካራ ትውስታ ያወረሱን በመሆናቸው ሊከበሩ ይገባል። ዘመናዊው ክፍል ግን ትርጉሙን እስከ ኋላ ማቆየት አይችልም። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና፣ በርካታ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቀረበላቸው ምንባብ አንድም የመረዳት ጥያቄ መመለስ አልቻሉም ነበር።

አማርኛ ራሱ የሚያስቸግርበት ቦታ አለ። መጥበቅና መላላት በፊደሉ አይታዩም። «ጅብ አጥንት ይበላል» እና «ማሽላ በእንጀራ መልክ ይበላል» የሚሉትን ዓረፍተ ነገሮች እንውሰድ። «ይበላል» በሁለቱም አንድ ዓይነት ተጽፏል፤ በመጀመሪያው ላልቶ፣ በሁለተኛው ጠብቆ ይነበባል። ሁለተኛውን አላልቶ ያነበበ ልጅ ማሽላውን በላተኛ ያደርገዋል። መረጃ ሰጪ ጽሑፍ ደግሞ «ይመረታል»፣ «ይጓጓዛል»፣ «ይበላል» በሚሉ ግሦች የተሞላ ነው። ምክንያት አመልካቹም ብዙ ጊዜ ከግሡ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ «ስለዘነበ» ውስጥ ያለችውን «ስለ» የዘለለ ልጅ ዝናቡንና ጎርፉን አያገናኛቸውም።

ለድሬዳዋ ልጅ ስለ ከተማው ወንዝ ስለ ደቻቱ ከሚናገር ጽሑፍ የተሻለ ምንባብ የሚገኝ አይመስለኝም። «ደቻቱ በበጋ አሸዋ ነው። ደንገጎ ተራራ ላይ ብዙ ስለሚዘንብ ጎርፍ ወደ ከተማው ይወርዳል። ስለዚህ ከተማው ውስጥ ሳይዘንብ ወንዙ ሊሞላ ይችላል።» ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ናቸው። በቅድመ ንባብ መምህሯ ልጆቹ ስለ ወንዙ የሚያውቁትንና ማወቅ የሚፈልጉትን ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች፤ ይህን ዘዴ አሜሪካዊቷ ዶና ኦግል እ.ኤ.አ. በ1986 አቅርበውታል። በንባብ ጊዜ «ስለሚዘንብ» እና «ስለዚህ» በሚሉት ቃላት ሥር ይሰመራል። በድኅረ ንባብ ልጆቹ ተራራውን፣ ወንዙንና ከተማውን ሥለው ውኃው የሚሄድበትን በቀስት ያሳያሉ፤ ከሥዕሉ ሥርም መግለጫ ይጽፋሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ወንዙ ውስጥ መጫወት ለምን እንደሚያሰጋ ከጽሑፍ መረዳት ለዚህች ከተማ ልጆች የሕይወት ጉዳይ ነው።

የመጽሐፍ እጥረት ባለበት ሁሉ ከተማዋ ታግዛለች። የከዚራ ሱቆች ማስታወቂያ፣ የቀፊራ ገበያ የዋጋ ሰሌዳ፣ የዕቃ ማሸጊያ ሁሉ ምንባብ ይሆናል። ለተቅማጥ የሚሰጠው የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ማሸጊያ በተለይ ጥሩ ነው፤ ቅደም ተከተል፣ ልክና ማስጠንቀቂያ አለው። ልጆቹ እያነበቡ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ለክተው ይበጠብጡታል። የመምህሯም ጥያቄ «ለነገ ቢተርፍስ?» የሚል ነው። መልሱን የሚያገኙት ማሸጊያውን ደግመው ሲያነቡ ነው፤ ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ይደፋል።