«ደሜን ወስደው ምን ያደርጉበታል?» ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርምር ሐረር ላይ የሚወራውና እውነታው

ሐረር ውስጥ ባጃጅ ላይም፣ ቡና ላይም፣ በርጫ ላይም ስለ «እነዚያ ቤት ለቤት የሚዞሩት ልጆች» ይወራል። አንዱ ዕርዳታ ሊመዘግቡ ነው ይላል። ሌላው ግብር ሊጨምሩብን ነው ይላል። ደም ተወሰደ ከተባለማ አያድርስ ነው። ከሚወራው ውስጥ እውነት ያለበትም አለ። አብዛኛው ግን ስህተት ነው፣ ስህተቱ ደግሞ በር ያዘጋል። በር ሲዘጋ የሚጎዳው ተመራማሪው ብቻ አይደለም። ልጆቻችን በምን እንደሚሞቱ የማወቅ ዕድልም አብሮ ይዘጋል። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን ልያዛቸው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

«ሐረማያ እኮ የእርሻ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ከሕክምና ጋር ምን አገናኘው?»

ይሄ ከታሪኩ የመጣ ነው። ኮሌጁ በ1950ዎቹ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። መጀመሪያ ጅማ ላይ አስተማረ፣ በ1956 ወደ አለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ፣ መጣ። ሥራው ግብርና ነበር። የድሮ ሰው እስከ ዛሬ «አለማያ እርሻ ኮሌጅ» ነው የሚለው። ግን የጤና ትምህርት ከተጨመረበት ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጁ እዚሁ ሐረር ከተማ ውስጥ ነው። ሕይወት ፋና ሆስፒታልም የዚያው ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው።

ደግሞ እርሻውና ሕክምናው የሚለያዩ ነገሮች አይደሉም። ሐረማያ ወረዳ ውስጥ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተሠራ ጥናት አለ። የተነሳበት ጥያቄ ማንኛዋም እናት የምትጠይቀው ነው፤ ልጁ ይበላል፣ ለምንድነው የማያድገው? ተመራማሪዎቹ ካምፒሎባክተር የሚባለውን ባክቴሪያ ፈለጉ። ይህ ባክቴሪያ በዶሮና በከብት አንጀት ውስጥ ይኖራል። ዓመት ያልሞላቸውን ሕፃናት ሰገራ ሲመረምሩ በብዛት አገኙት። ልጁ ተቅማጥ ላይኖረው ይችላል። ግን አንጀቱ ደጋግሞ ሲቆጣ የበላውን መምጠጥ ያቅተዋል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ የእንስሳት ሐኪም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያና የላብራቶሪ ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለባቸው። ዶሮው ከልጁ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ በሚያድርበት አገር ሌላ መንገድ የለም።

«ምርምር ማለት ማይክሮስኮፕ ነው፣ ቤት ለቤት መጠየቅ ምርምር አይደለም»

ከሐረር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ቀርሳን ታውቋታላችሁ። እዚያ ከ2007 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲው የሕዝብና የጤና ክትትል ያካሂዳል። በ2012 ሐረር ከተማም ተጨምራለች። ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። ሠራተኛዋ በሩን ታንኳኳለች። «እናቴ፣ ባለፈው ከመጣሁ ወዲህ እዚህ ቤት የተወለደ አለ? ያገባ? ወደ ሌላ ቦታ የሄደ? የሞተ?» ትላለች። መልሱን ትመዘግባለች፣ ወደ ሚቀጥለው ቤት ትሄዳለች። ከወራት በኋላ ደግሞ ትመለሳለች።

እንዲህ ያለው አሰልቺ ሥራ ነው ትልቁን ነገር የሚወልደው። አገራችን ውስጥ ብዙ ሰው የሚወለደውም የሚሞተውም ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ነው። ቤቱ የሞተን ሰው ሆስፒታል አይቆጥረውም። በመቶ ልደት ስንት ሕፃን እንደሚሞት፣ ስንት እናት ከወሊድ እንደማትመለስ ለማወቅ መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። ሰው ሲሞት ደግሞ ቤተሰቡን ቁጭ አድርገው ይጠይቃሉ። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ያስለው ነበር? ከመልሱ ተነስተው ሐኪሞች የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። እኔ በበኩሌ የዚህን ሥራ ክብር ከማንኛውም ላብራቶሪ አላሳንሰውም።

«ከሞተ ሕፃን ላይ አካል ይወስዳሉ»

ይህ ከሁሉም የከበደው ነው። ረጋ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ወሬው ሙሉ በሙሉ ከባዶ አልመጣም።

ቤተሰብን ጠይቆ የሞት ምክንያት መገመት ለትልቅ ሰው የተሻለ ይሠራል። ለሕፃን ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። የሁለት ቀን ጨቅላ ሲሞት እናቱ የምታየው «መጥባት አቆመ» የሚለውን ብቻ ነው። በሳንባ ምች ይሁን፣ በደም መመረዝ ይሁን፣ በሌላ፣ ከውጭ አይለይም። አስከሬን ከፍቶ መመርመርን ደግሞ ሕዝባችን አይቀበለውም። ስለዚህ ሐረርና ቀርሳ ላይ ሌላ መንገድ እየተሠራበት ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲና የለንደኑ የንጽሕናና የትሮፒካል ሕክምና ትምህርት ቤት ናቸው የሚሠሩት። በአፍሪካና በእስያ ባሉ ሌሎች አገሮችም የሚሠራ ትልቅ ጥናት አካል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕፃኑ ሲሞት ወይም ሞቶ ሲወለድ ቤተሰቡ ይጠየቃል። እምቢ ካሉ አለቀ፣ ማንም አይነካውም። ከፈቀዱ ባለሙያው በመርፌ ከሳንባ፣ ከጉበትና ከአንጎል በጣም ትንሽ ቅንጣት ይወስዳል። ደምና የጀርባ ፈሳሽም እንዲሁ። ሰውነቱ አይከፈትም። አካል አይወጣም። የሚቀረው የመርፌ ቀዳዳ ነው፣ እሱም ይሸፈናል። ከዚያ ሕፃኑ ታጥቦ፣ ተገንዞ፣ በክብር ለቤተሰቡ ይመለሳል። እኛ ጋ ጀናዛ አይቆይም። ቡድኑም ከዚህ ጋር ነው የሚሮጠው፣ ቀብር እንዳይዘገይ። ናሙናው ከተመረመረ በኋላ የተለያዩ ሐኪሞች ተሰብስበው የሞቱን ምክንያት ይወስናሉ።

ምን ተገኘ? አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። የሕፃኑ አከርካሪ ወይም የራስ ቅል በደንብ ሳይዘጋ የሚቀርበት የአፈጣጠር ችግር አለ። ጥናቱ ከሚካሄድባቸው አገሮች ሁሉ በዚህ ችግር የሚመጣ የሕፃናት ሞት የበዛው እኛ ጋ ሆኖ ተገኘ። የቁጥሩ መብዛት ያሳዝናል። የሚያንገበግበው ግን ብዙው መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን በእናትየው ሰውነት ውስጥ በበቂ ሁኔታ ካለ አብዛኛው አይከሰትም። ችግሩ ጊዜው ነው። ያ ክፍት የሚዘጋው ጽንስ በተፈጠረ በ28 ቀን ውስጥ ነው። አብዛኛዋ ሴት በዚያን ጊዜ ማርገዟን እንኳ አታውቅም። ክትትል ስትጀምር የሚሰጣት ክኒን ለሌላ ነገር ይጠቅማታል፣ ለዚህ ግን ረፍዶበታል። ስለዚህ ነው ቫይታሚኑን ዱቄት ውስጥ መጨመር የሚመከረው። ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄትና የምግብ ዘይት በንጥረ ነገር እንዲበለጽግ አስገዳጅ ደረጃ አውጥታለች። ጥሩ ነው። ግን ከማሳዋ ያመረተችውን ማሽላና በቆሎ የምትበላው የቀርሳ እናት ፋብሪካ ዱቄት መቼ ታገኛለች? ይሄ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ ነው፣ መመለስም አለበት።

እነዚያ ፈቃድ የሰጡ ወላጆች በሐዘናቸው ሰዓት ነው የፈቀዱት። ይህን ሁሉ ያወቅነው በእነሱ ነው።

«ደሙን ይሸጡታል»

ለምርመራ የሚወሰደው ደም ብዙ ጊዜ ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ደም ባንክ ለታማሚ የሚቀበለው አንድ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። በዚያች ጠብታ የሚነገድ ነገር የለም። ብልቃጡ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ነው፣ ስም አይደለም። ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ መፍቀድ አለበት። ናሙና ወደ ውጭ አገር ይላክ ከተባለም ራሱን የቻለ ፈቃድና የስምምነት ሰነድ ይጠየቅበታል። ደማችሁ የት እንደሚሄድ መጠየቅ መብታችሁ ነው፣ ጠይቁ።

«ወባ የገጠርና የክረምት በሽታ ነው፣ ስለሱ ምን የሚጠና ቀረ?»

ይህን የሚል ሰው ድሬዳዋን ይጠይቅ። በ2019 ከተማዋ ውስጥ የተመዘገበው 205 የወባ ታማሚ ነበር። በ2022 ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ከ2,400 በላይ ሆነ። በበጋ፣ በአስፋልትና በብሎኬት መሀል። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳይቀሩ ታመሙ።

ከአዲስ አበባው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች ነገሩን እንደ መርማሪ ፖሊስ ነው የተከታተሉት። ወባ የያዘው ሰው ጤና ተቋም ሲመጣ ቤቱ ድረስ ሄዱ። አብረውት የሚኖሩትን መረመሩ። ግቢው ውስጥ ያለውን ውሃ ሁሉ አዩ። ከዚያ ወባ የሌለበትን ሰው ቤትም እንዲሁ አድርገው አነጻጸሩ። የታመመው ሰው ቤት ውስጥ ሌላም ወባ ያለበት ሰው የመገኘቱ ዕድል ከፍ ብሎ ተገኘ። አንድ የተለየ ትንኝ ባለበት ቤትም እንደዚያው። ትንኟ አኖፌለስ ስቴፌንሲ ትባላለች። የእስያ ትንኝ ናት። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየችው በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። እኛ አገር በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ጥናቱ በ2023 ታትሟል።

የለመድነው የወባ ትንኝ ረግረግና የዝናብ ኩሬ ነው የሚወደው። ይህቺ ግን በርሜል፣ ሮቶና የግንባታ ውሃ ማጠራቀሚያ ትመርጣለች። ውሃ በሚቆራረጥበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም። ክዳኑን አንስታችሁ እዩ። ውሃው ገጽ ላይ ጠፍጣፋ ተጋድሞ የሚንሳፈፍ ቀጭን እጭ ካለ የወባ ትንኝ ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የተንጠለጠለ ካለ ደግሞ የሌላ ትንኝ እጭ ነው፣ ምናልባትም የኤደስ። ኤደስ በ2013 ድሬዳዋን ያመሰው የደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያስተኛው የቺኩንጉንያ ትንኝ ናት። የምትነክሰውም ቀን ነው። በርሜሉን አጥብቆ መክደን ለሁለቱም ያገለግላል።

ሌላም ነገር ወጣ። ጤና ጣቢያ ጣት ወግተው የሚያዩበት ፈጣን መመርመሪያ አንድን ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ከተገኙት የወባ ተሕዋስያን አንዳንዶቹ ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል (ጂን) የላቸውም። ሰውዬው ወባ ይዞት «የለብህም» ሊባል ይችላል ማለት ነው። ይህን የገለጠው ምርምር ነው። «ምን የሚጠና ቀረ?» ለሚለው መልሱ ይኸው።

«ጫት ጉበት አይነካም፣ ቢነካ ኖሮ ይጠና ነበር»

ተጠንቷል። እዚሁ ሐረር፣ ጁገልና ሕይወት ፋና ሆስፒታሎች። የቆየ የጉበት ሕመም ያለባቸው 150 ሰዎች፣ ሕመሙ ከሌለባቸው 300 ሰዎች ጋር ተነጻጸሩ። በወንዶች ላይ ብዙና ለረጅም ጊዜ በቃሙ መጠን ስጋቱ ከፍ ሲል ታየ። ውጤቱ በ2018 ታትሟል። አንድ ጥናት ብቻውን ነገር አይቆርጥም፣ ይህም ግንኙነት አሳየ እንጂ ጫት የሚቅም ሁሉ ይታመማል አላለም። ግን መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ ሰው ጉበቱ ተጎድቶ ሲመጣ ሐኪሙ ስለ ጫት መጠየቁ አጉል ጣልቃ ገብነት አይደለም። ጎረምሶች፣ ይህን እንደ ስድብ አትውሰዱት።

«ኦቾሎኒ ሻጋታ ቢኖረውም ሲቆላ ይሞታል»

ሻጋታው ይሞት ይሆናል። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዙ ግን ሙቀት ይቋቋማል፣ ቆልቶ ሙሉ በሙሉ ማጥፋት አይቻልም። በጊዜ ብዛት የጉበት ካንሰር ያመጣል። ባቢሌንና አካባቢውን ያጠኑት የሐረማያ ተመራማሪዎች ይህን መርዝ ኦቾሎኒው ውስጥ አግኝተውታል። መፍትሔው ከመቁላቱ በፊት ነው። በደንብ ማድረቅ፣ እርጥበት በሌለበት ማስቀመጥ፣ የጠቆረውንና የተሸበሸበውን ለቅሞ መጣል።

«ጥናቱ ለዲግሪ ማሟያ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ይቀራል»

እዚህ ላይ ሰዉ ግማሽ እውነት አለው። መደርደሪያ ላይ የቀረ ብዙ አለ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ጠይቀው ሄደው ውጤቱን ለጠየቁት ሰው አለመንገር ነው። ሦስት ጊዜ የተጠየቀች እናት አንድም ጊዜ መልስ ካልመጣላት አራተኛ ጊዜ በሯን ብትዘጋ አልፈርድባትም። ተመራማሪዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ይለኛል። ውጤቱን በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪና በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ፣ ቀበሌ ላይ ንገሩ።

ሌላው ግማሽ ግን ስህተት ነው። «ጭሮ» እና «ቡቡ» የሚባሉት የድንች ዝርያዎች ከሐረማያ የወጡ ናቸው። ሙይራ የሚባለው ማሽላም እንዲሁ። ገበሬው ማሳ ላይ ያለውን መደርደሪያ ላይ ነው አንለውም።

«አንዴ ከፈረምኩ መውጣት አልችልም»

ትችላላችሁ። መሀል ላይም ቢሆን፣ ምክንያት ሳትሰጡ። ጥናት ውስጥ አልገባም በማለታችሁ ሕክምና መከልከል አይፈቀድም። ከመፈረማችሁ በፊት ቅጹ በሚገባችሁ ቋንቋ ይነበብላችሁ፣ አንድ ቅጂም ለራሳችሁ ያዙ። ቅጹ ላይ የኮሚቴው ስልክ መኖር አለበት። ቅሬታ ካለ የሚደወለው እዚያ ነው።