ከእምነት ተነስቶ ማስተማር ጥቅስ መለጠፍ ብቻ ነው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እኛ አገር ልጁን «ሚሽን» ማስገባት የሚመኝ ወላጅ ብዙ ነው። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ሙስሊሙም ለምዝገባ ይሰለፋል። ለምን ብትሉት መልሱ አጭር ነው፤ «ሥነ ሥርዓት አለ፤ ያስተምራሉ» ይላችኋል። በአብያተ ክርስቲያናት የሚተዳደሩ ትምህርት ቤቶች ይህን ስም ያተረፉት በመምህሮቻቸው ነው።

መምህሩ ግን ሲቀጠር «እዚህ ከእምነታችን ተነስተን ነው የምናስተምረው» ይባላል። እንዴት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አያገኝም። ሥርዓተ ትምህርቱ የመንግሥት ነው። አገር አቀፍ ፈተናው የመንግሥት ነው። ክፍሉ በልጅ ተሞልቷል። ታዲያ ምን ያድርግ? ከሌሎች እየሰማ፣ እየገመተ ይቀጥላል። በመምህራን ማረፊያ ክፍል በሻይ ሰዓት ከሚሰሙት ግምቶች ጥቂቱን እንያቸው።

«በጸሎት ከጀመርኩ፣ ጥቅስም ከለጠፍኩ ይበቃል»

የጠዋት ጸሎት መልካም ነው። ግድግዳ ላይ ያለ ጥቅስም ማንንም አይጎዳም። ግን ልጆች ጥቅሱን በሁለተኛው ሳምንት ማየት ያቆማሉ። መምህሩን ማየት ግን አያቆሙም። ደብተር ያልገዛውን ልጅ ክፍል ፊት ያዋርደዋል ወይስ በእረፍት ሰዓት ለብቻው ጠርቶ ያናግረዋል? ሰሌዳ ላይ የተሳሳተውን አንዲት ተማሪ ስታርመው ፊቱ ምን ይመስላል? ይህን ዓመቱን ሙሉ ይከታተላሉ። እምነቱንም የሚለኩት በዚሁ ነው።

አንድ ክፉ ልማድም አለ። ሳይዘጋጅ የመጣ መምህር ክፍለ ጊዜውን በምክርና በምስክርነት ይሞላዋል። ተማሪዎች ይወዱታል፤ ቴስት የለ፣ አሳይመንት የለ። ሰኔ ሲደርስ ሦስት ምዕራፍ ሳይነካ ይቀራል። ይህን መንፈሳዊነት የሚሉት አሉ። እኔ ያልሠሩበትን ደመወዝ መብላት ነው የምለው።

«ሒሳብ ሒሳብ ነው፤ እምነት የግብረ ገብ መምህሩ ጉዳይ ነው»

ይህን የሚል ሰው ባሕረ ሐሳብን፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ስሌት፣ አላየም ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን የጾሞችንና የፋሲካን ቀን ለማወቅ ለዘመናት ስትደምር፣ ስታባዛና ስታካፍል ኖራለች። እስኪ 2017 ዓ.ም.ን እንያዝ። በቤተ ክርስቲያን ቆጠራ ከዓለም መፈጠር እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን 5500 ዓመት ስንደምርበት 7517 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህን ለ4 ስናካፍል 1 ይቀራል፤ ዘመኑ ማቴዎስ ነው። ለ19 ስናካፍል ደግሞ 12 ይቀራል። ከ12 ላይ 1 ስንቀንስ 11፤ ይህ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ስናባዛ 121 ይመጣል፤ በ30 ስንገድፈው (ለ30 አካፍለን ቀሪውን ስንይዝ) 1 ይተርፋል። አበቅቴው ይህ ነው። ወንበሩን በ19 ስናባዛ ደግሞ 209 ይመጣል፤ በ30 ስንገድፈው 29 ይተርፋል። መጥቅዑ ይህ ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 30።

2018ን ሞክሩት። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18። አሁንም 30።

ለምን ሁልጊዜ 30 ይሆናል? ይህን ጥያቄ ለዘጠነኛ ክፍል ስጡትና ዝም በሉ። ሚስጥሩ ያለው 11 እና 19 ሲደመሩ 30 መሆናቸው ላይ ነው። ራሱ የሚደርስበት ልጅ ግን ያን ቀን ሒሳብ ይወዳል። (ወንበሩ ዜሮ ሲሆን ምን ይደረግ የሚለው ለጎበዞቹ ይቆይ።) እዚህ ውስጥ ስብከት የለም። ሙስሊሙም ተማሪ እኩል ይሠራዋል። እሱ ደግሞ የሂጅራን የጨረቃ ወራት ይዞ ቢመጣና ቢያነጻጽሩ ክፍሉ ይበልጥ ይደምቃል።

ሁሉም ምዕራፍ እንዲህ አይመችም። ሎጋሪዝም ላይ ጥቅስ ፍለጋ መታገል አያስፈልግም። ሎጋሪዝምን በደንብ ማስረዳት፣ ያልገባውን ልጅም ሳይሰለቹ ደግሞ ማስረዳት በቂ ነው። «ሦስት ማዕዘን ሥላሴን ይመስላል» ዓይነት ነገር ግን ባይባል ይሻላል። ጂኦሜትሪውንም ነገረ መለኮቱንም ያበላሻል።

«ከእምነት ጋር የሚጋጭ ምዕራፍ ካለ መዝለል ነው»

የባዮሎጂ መምህር ዝግመተ ለውጥ ላይ ሲደርስ «ይህን እቤት አንብቡት» ብሎ ያልፋል። ፈተናው ግን አያልፈውም። ልጁም «መምህሬ የሚፈራው ነገር አለ» ብሎ ልብ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ያው ምዕራፍ ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል፤ ያኔ የሚያጣው ባዮሎጂውን ብቻ ላይሆን ይችላል።

ሳይንሱ የሚለውን በትክክል ማስረዳት ግዴታ ነው። ተማሪ ከጠየቀ ደግሞ ክርስቲያኖች ራሳቸው በጉዳዩ ላይ የተለያየ አቋም እንዳላቸው በግልጽ መናገር ይቻላል። ስለ ዘር ውርስ ሲያስተምር፣ የአተር ምርምሩን እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመው ግሪጎር ሜንዴል የገዳም ሰው እንደነበር ቢነግራቸው ምን ይጎዳል? ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1927 በስሌት ያቀረበው ዦርዥ ለሜትርም ቄስ ነበር። ልጁ ሁለቱን ስሞች ከሰማ በኋላ «ወይ ላብራቶሪ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን» የሚለው ምርጫ ያን ያህል አያስጨንቀውም።

«ጥያቄ የሚያበዛ ልጅ እምነቱ የላላ ነው»

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሲባል ሽምደዳ ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ፊደል ለይቶ ዳዊት እስኪደግም ድረስ እውነት አለው። ቅኔ ቤት ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የሌላውን ሸምድዶ የሚያቀርብ አያልፍም፤ የራሱን አዲስ ቅኔ መቁጠር አለበት። የኔታ ያርማሉ፣ ይነቅፋሉ፤ ሲጥማቸውም ያደንቃሉ። መጽሐፍ ቤት ደግሞ አንዱን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ ያስኬዱታል። ሉቃስ 2፥46 ላይም የ12 ዓመቱ ኢየሱስ በመቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማቸውና ሲጠይቃቸው ተገኘ እንጂ፣ ዝም ብሎ ሲሸመድድ ተገኘ አይልም።

ስለዚህ ልጁ «እግዚአብሔር ካለ እናቴ ለምን ሞተች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ «እንዲህ አይባልም» መልስ አይሆነውም። «አላውቅም፤ ግን ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብለን እናውራ» የሚለው መምህር ይሻለዋል።

«መጽሐፉ ራሱ በትር ይላል»

ይህኛው ከሁሉም ዕድሜው የረዘመ ነው። የሚጠቀሰውም ምሳሌ 13፥24 ነው፤ «በበትር ከመምታት የሚራራ ሰው ልጁን ይጠላል።» ጠቃሾቹ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ጥቅሱ ግን ይቀጥላል፤ «ልጁን የሚወድድ ግን ተግቶ ይገሥጸዋል።» ምክሩ ለአባት ስለ ገዛ ልጁ የተሰጠ ነው። ጠዋት ታክሲ አጥቶ በብስጭት ለገባ፣ 50 የሰው ልጆች ፊት ለቆመ መምህር የተሰጠ የፈቃድ ወረቀት አይደለም። እዚያው መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ዳዊት «በትርህና ምርኩዝህ እነርሱ ያጸናኑኛል» ይላል። የእረኛ በትር ነው። በጉን የሚመራበት፣ አውሬውን የሚያባርርበት።

ሕጉም ግልጽ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። የሚሽን ትምህርት ቤት ከዚህ ውጭ አይደለም። «እኛ ጋ ወላጆች ራሳቸው ምቱልን ይላሉ» የሚል መልስ ይሰማል። አዎ፣ ይላሉ። ወላጅ ስለፈቀደ ግን ሕጉ አይሻርም።

ከባዱ ጥያቄ «ታዲያ በምን እንያዛቸው?» የሚለው ነው። መምህራን ይህን ሲጠይቁ ሰበብ እየፈለጉ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ያሳያቸው ሰው የለም። የሚሠሩ ነገሮች ግን አሉ። መስከረም ላይ አራት ወይም አምስት ደንብ ከልጆቹ ጋር ማውጣትና ለሁሉም እኩል መጠቀም፤ የፓስተሩም፣ የቄሱም፣ የለጋሹም ልጅ ቢሆን። የሚረብሸውን ልጅ ከሰው ፊት ሳይሆን ለብቻው ማናገር። ቁጭ ማለት ያቃተውን ሰሌዳ እንዲያጠፋ፣ ደብተር እንዲሰበስብ ማድረግ። ቤተሰቡን ሲያጠፋ ብቻ ሳይሆን ሲያሻሽልም መጥራት። አንዳንዱ ልጅ አባቱ ትምህርት ቤት ተጠርቶ ሲመሰገን አይቶ አያውቅም።

ዱላውን ትቶ ምላሱን የሳለ መምህርም አለ። «ደደብ»፣ «አንተ የትም አትደርስም» ይላል። የዱላው ሰንበር በሳምንት ይጠፋል፤ ይህ ግን ከልጁ ጋር ያድጋል።

«ክርስቲያን መምህር አይጨክንም፤ ማርክ ይጨምራል»

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች፣ ኩረጃን ለመከላከል ተብሎ፣ በ2015 መጀመሪያ ላይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ተፈተኑ። ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነትም፣ የመጽሐፍና የመምህር እጥረትም አለበት። ግን ለዓመታት ካርድ ላይ ሲጻፍ የኖረው 85 እና 90ስ ከየት ነበር የሚመጣው? አንዱ ምንጭ በአጤሬራ ላይ ዓይኑን የጨፈነና በአዘኔታ ማርክ የጨመረ መምህር ነው።

ምሳሌ 11፥1 «አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ ነው» ይላል። ስለ ገበያ የተነገረ ቢሆንም ለማርክ መዝገብም ልኩ ነው። ርኅራኄ ካለ ከውጤቱ በፊት ይታይ፤ ቲቶሪያል በመስጠት፣ ወረቀቱን በሳምንት ውስጥ አርሞ በመመለስ፣ የወደቀውን እንደገና አስተምሮ በመፈተን። ፈተና ሲያርም ስሙን ሸፍኖ ማረም ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። ትምህርት ቤቱ ራሱ በር ላይ «መቶ በመቶ አሳለፍን» የሚል ባነር ለመስቀል ብሎ መምህሩን «ትንሽ አግዛቸው» የሚልበት ጊዜም አለ። እዚያ ላይ «አይሆንም» ማለት ከብዙ የጠዋት ጸሎት ይከብዳል።

«ግቡ ልጁን ወደ እኛ ማምጣት ነው»

አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ በሆነ መንገድ እንዲሰጥ ያዛል። አንቀጽ 27 ደግሞ ልጅን በእምነቱ የማሳደግን መብት ለወላጅና ለአሳዳጊ ይሰጣል። ሕጉ ባይኖርም አደራው አለ። ጾም የያዘችውን ልጅ «ምሳሽን ብዪ፣ ምን ያጃጅልሻል» የሚል መምህርም፣ የክፍል ጓደኛቸውን «መናፍቅ» ሲሉት ሰምቶ የሚስቅ መምህርም አደራውን በልተዋል። ልጁ ስለ እምነትህ ከጠየቀህ በግልጽ መልስለት። ሳይጠይቅህ፣ ማርኩን በእጅህ ይዘህ ግን አትስበከው፤ ልጁ እምቢ ማለት አይችልማ።

«ጥሪ ነው እንጂ ሥራ አይደለም፤ ስለ ደመወዝ አይወራም»

ይህን ብዙ ጊዜ የሚሉት መምህራኑ አይደሉም። ሉቃስ 10፥7 «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» ይላል፤ የተነገረውም ለተላኩ አገልጋዮች ነው። ጥሪ የቤት ኪራይ አይከፍልም። መምህሩ ከሥራ በኋላ ሦስት ቤት እየዞረ ካላስጠና ወሩን መግፋት ካልቻለ፣ ማታ የትምህርት ዕቅድ አያወጣም። ቢያወጣም በእንቅልፍ መሀል ነው።

ፈረንሳዊው ቄስ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ይህ ገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1651 ሬምስ ከተማ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለደ። የድሆች ትምህርት ቤት መምህራን ሥልጠናም ክብርም እንደሌላቸው ሲያይ፣ ቤተሰቡ ቅር እያለው ወደ ገዛ ቤቱ አስገባቸው። አብረው በሉ፣ አብረው ጸለዩ፣ እንዴት እንደሚያስተምሩም አብረው ተማከሩ። እ.ኤ.አ. በ1685 ደግሞ የመምህራን ማሠልጠኛ ከፈተ። ልጆቹም ንባብ በላቲን ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በፈረንሳይኛ እንዲጀምሩ አደረገ። የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 የመምህራን ጠባቂ ቅዱስ ብለው ሰየሙት። አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የእርሱ ማኅበር ወንድሞች ሥራ ነው። ሰውየው «በርቱ፣ ዋጋችሁ በሰማይ ነው» ብሎ ብቻ አልተመለሰም፤ መጀመሪያ ምግብና ማደሪያ፣ ከዚያ ሥልጠና ሰጣቸው።

የእኛዎቹም አቅማቸው በፈቀደ መጠን ይችላሉ። ለመምህሩ ልጅ ክፍያውን መቀነስ። አዲሱን መምህር ከአንድ አንጋፋ ጋር ማጣመር። ዩኒት መሪው ክፍል ሲገባ ስህተት ለመቁጠር ሳይሆን፣ ወጥቶ «ይቺን እንዲህ ብታደርጋት» ለማለት ይግባ። በሳምንት አንድ ባዶ ክፍለ ጊዜ ተሰጥቷቸው የአንድ ትምህርት መምህራን አብረው ይዘጋጁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይም እንግዳ ሰባኪ ለሁለት ቀን ከመጥራት፣ አንዱን ቀን ለሰባኪው ሰጥቶ፣ ሁለተኛውን መምህራኑ የመስከረምን የመጀመሪያ ሳምንት ትምህርት እንዲያዘጋጁበት መተው ይቻላል። የሻይና የዳቦው ወጪ እንደሆነ ያው ነው።