አንደርግራውንድ የፈጠራ ሥራ ምንድን ነው? ወደ ዋናው ገበያስ እንዴት ይሻገራል?

አንደርግራውንድ የሚባለው የፈጠራ ሥራ፣ ጥቂት ሰዎች ከድርጅትና ከስፖንሰር ፈቃድ ውጭ፣ በመጀመሪያ ለራሳቸውና ለባልንጀሮቻቸው ሲሉ የሚሠሩት ነው። ተደብቆ መሠራት የለበትም፤ ብዙው በግድግዳ ላይ ተሥሎ ወይም በሰው ገላ ላይ ተለብሶ በአደባባይ የሚታይ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከሰልባጅ ተራ የገዛውን ጃኬት ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ፣ ወገቡን አስጠብቦና ኮሌታውን አስቀይሮ የሚለብስ ወጣት ሥራው በዚህ ስም እንደሚጠራ ላያውቅ ይችላል። የመንዝ በርኖስ ግን፣ ምንም በእጅ ቢሠራ፣ ከዚህ ይለያል፤ አሠራሩም አለባበሱም ከአባት የተወረሰና በማኅበረሰቡ የታወቀ ነውና።

መሻገሪያውን በግልጽ የሚያሳየው የኒው ዮርኩ ልብስ ሰፊ የዳፐር ዳን ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በሃርለም ሰፈር ሱቅ ከፍቶ፣ ውድ ልብስና ቦርሳ የሚሠሩትን የአውሮፓ ድርጅቶች የጉቺን፣ የፌንዲንና የሉዊ ቪቶንን ምልክቶች ራሱ ቆዳ ላይ እያተመ፣ እነዚያ ድርጅቶች ጨርሶ ያላሰቧቸውን ጃኬቶችና ካፖርቶች ለራፐሮችና ለስፖርተኞች ይሰፋ ነበር። ለኦሎምፒክ ሯጯ ለዳያን ዲክሰን የሠራው ጃኬት እጅጌው የተነፋና በሉዊ ቪቶን ምልክት የተሸፈነ ነበር። የምልክቶቹ ባለቤቶች በሕግ ሲያሳድዱት ሱቁ በ1992 ተዘጋ። በ2017 ግን ጉቺ የዚያኑ ጃኬት አምሳያ፣ ምልክቱን ብቻ በራሱ ለውጦ፣ በፋሽን ትርኢት ላይ አቀረበ። ቁጣ ከተነሣ በኋላ ከዳፐር ዳን ጋር ተስማማ፤ በ2018ም ሃርለም ውስጥ በጋራ መስፊያ ቤት ከፈቱ።

ትልቅ ድርጅት ያልተሞከረ ቅርጽ በብዛት አምርቶ ገዥ ቢያጣ ኪሳራው ከባድ ነው፤ አንድ ልብስ ሰፊ ቢሳሳት ግን የሚጠፋው አንድ ጃኬት ነው። ስለዚህ ሙከራው የሚጀመረው ከታች ነው፤ የሰው ዓይን ከለመደው በኋላ ድርጅቱ ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ፐንክ የሚባለውን የዓመፀኛ ሙዚቃና አለባበስ የሚከተሉ የለንደን ወጣቶች ለበራሪ ወረቀታቸው ከጋዜጣ እየቆረጡ የለጠፏቸው የተዘበራረቁ ፊደላትም ከጊዜ በኋላ የማስታወቂያ ስልት ሆነዋል። በዚህ ሽግግር ቅርጹ ይደርሳል፤ የሠሪው ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህም በእኔ እምነት ትልቅ በደል ነው።

የዳፐር ዳን ስም ሊመለስ የቻለው ዳያን ዲክሰን ጃኬቱን ለብሳ የተነሣችው የ1989 ፎቶ ስለነበረ ነው፤ ሁለቱን ልብሶች ጎን ለጎን ያየ ሁሉ የመጀመሪያው ሠሪ ማን እንደሆነ ለመለየት አልተቸገረም። የደብረ ብርሃን ልብስ ሰፊዎችም የሠሩትን ከማስረከባቸው በፊት ፎቶ አንሥተው ከነቀኑ ቢያስቀምጡ መልካም ነው።