የደህንነት ሪኮል ምንድን ነው? አሮጌ ፒክአፕ ላላቸው የጎንደር ባለንብረቶች

ሪኮል ማለት አንድ የመኪና አምራች በሠራቸው መኪኖች ላይ ለአደጋ የሚዳርግ የዲዛይን ወይም የአመራረት ጉድለት መኖሩን ሲደርስበት፣ ወይም የመንግሥት ተቆጣጣሪ አካል ሲያስገድደው፣ መኪኖቹን ለይቶ በመጥራት ጉድለቱን በራሱ ወጪ የሚያስተካክልበት አሠራር ነው። በአሜሪካ በ1966 የወጣው ሕግ አምራቾች ጉድለቱን ለባለንብረቱ እንዲያሳውቁ አስገደደ፤ በነፃ የመጠገን ግዴታ ደግሞ በ1974 ታከለበት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጃፓንም ሆነች አውስትራሊያ የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ያለቀ የፍሬን ሸራ ወይም የተበላ ጎማ የባለንብረቱ ጉዳይ ነው። ሪኮል የሚመለከተው ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ይዞት የመጣውን ጉድለት ነው፤ ይህም ጉድለት ራሱን ለማሳየት አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድበት ይችላል።

አሮጌ ፒክአፕ ላይ ነገሩ የሚከብደው በዚህ ምክንያት ነው። አምራቹ ጥሪውን የሚልከው መኪናው በተመዘገበበት አገር መዝገብ ላይ ለሚገኘው ባለንብረት ነው። ጎንደር ውስጥ ዛሬ ከአዘዞ ወደ መተማ ቁልቁል ጭነት ይዘው የሚወርዱት፣ ወይም ደባርቅን አልፈው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወርዱትና የሚወጡት ፒክአፖች ብዙዎቹ በሌላ አገር ሲሠሩ ኖረው፣ በደላላና በነጋዴ እጅ አልፈው የመጡ ናቸው። ደብዳቤው ለቀድሞው ባለቤት ሲደርስ መኪናው ከእጁ ወጥቶ ይሆናል፤ አዲሱ ባለቤት ደግሞ የሚያውቀው ነገር የለም። መኪናው ሲሸጥ ጥሪው አይሰረዝም፤ ከሻንሲ ቁጥሩ፣ ማለትም ከመኪናው መለያ ቁጥር፣ ጋር ተያይዞ ይቀጥላል። በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያሉትን አሮጌ መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ግድ ሆኗል፤ ስለዚህ ጉዳዩ ከዓመት ዓመት ይበልጥ የእኛ እየሆነ ነው።

ለእኛ ከሁሉም የሚቀርበው ምሳሌ የቶዮታ ሂሉክስ ነው። ቶዮታ በሚያዝያ 2014 በዓለም ዙሪያ 6.39 ሚሊዮን ያህል መኪኖችን በአምስት የተለያዩ ጉድለቶች ምክንያት ጠርቶ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 3.5 ሚሊዮን ገደማ የሚሆኑት፣ ከ2004 እስከ 2010 የተሠሩ ሂሉክሶችንም ጨምሮ፣ የተጠሩት በመሪው ውስጥ ተጠቅልሎ ባለ አንድ ገመድ ሰበብ ነው። ይህ ገመድ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሲዞር ሳይበጠስ ለሹፌሩ ኤርባግ (በግጭት ጊዜ ተነፍቶ ሹፌሩን ለሚከላከለው ከረጢት) ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ነው። ሲጎዳ ኤርባጉ ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ መኪናው ግን እንደ ወትሮው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ይቆማል። ዋናው ምልክት ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራው የኤርባግ መብራት ነው። ጤነኛ መኪና ላይ ቁልፉ ሲከፈት መብራቱ ለስድስት ሰከንድ ያህል በርቶ ይጠፋል። በርቶ የሚቀር ከሆነ ችግር አለ፤ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም መኪናውን ለመሸጥ ሲባል አምፖሉ ወጥቶ ወይም ተሸፍኖ ሊሆን ይችላል። ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እነዚህን ጥቂት ሰከንዶች ዓይኑን ሳይነቅል እንዲመለከት አጥብቄ እመክራለሁ።

ሁለተኛው ምሳሌ ታካታ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ኤርባግ ነው። ኤርባጉን የሚነፋው አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ኬሚካል ለረጅም ዓመታት ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ባሕርይው ይለወጣል፤ ኤርባጉ በሚከፈትበት ጊዜ ከመጠን በላይ ይፈነዳና የያዘውን የብረት ቀፎ ሰባብሮ ወደ ሹፌሩ ይወረውረዋል። በአሜሪካ ብቻ 67 ሚሊዮን ገደማ እንዲህ ዓይነት ዕቃዎች ተጠርተዋል። ፎርድ በጥር 2018 ወደ 2,900 ለሚጠጉ የ2006 ሬንጀር ፒክአፕ ባለንብረቶች መኪናቸውን ጨርሶ እንዳይነዱ ነግሯቸዋል፤ ከዚያ በፊት ሁለት የሬንጀር ሹፌሮች ሞተው ነበር፤ የሁለቱንም ሞት ያደረሱት ዕቃዎች የተመረቱት በአንድ ቀን ነው። በሞዴልና በዓመተ ምርት አንድ የሆኑ ሁለት መኪኖች አንዱ ተጠርቶ ሌላው ላይጠራ የሚችለውም ለዚህ ነው፤ ጥሪው የሚከተለው የምርቱን ዙር ነው። «የጎረቤቴ መኪና ምንም አልሆነም» ማለት በዚህ ጉዳይ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው ጉዳይ ለጭነት መኪና ባለቤት አዲስ አይደለም። በ2014 ከ2005 እስከ 2011 የተሠሩ 690,000 ያህል የቶዮታ ታኮማ ፒክአፖች በኋላ ባሌስትራቸው (ጭነቱን በሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች) ምክንያት ተጠርተዋል፤ ቅጠሉ ተሰብሮ የነዳጅ ጋኑን፣ ጎማውን ወይም የፍሬን ቱቦውን ሊመታ ስለሚችል ነው። ታኮማ በእኛ ከተማ እምብዛም አይታይም፤ ሆኖም ባሌስትራ በተሰበረ ቁጥር ጥፋቱን በጭነቱና በመንገዱ ላይ ብቻ የማላከክ ልማዳችን መኪናው ራሱ ጉድለት ይዞ መጥቶ እንደሆነ እንዳንጠይቅ አድርጎናል።

ማጣራቱ የሚጀምረው ከሻንሲ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ሂሉክስ ላይ ደግሞ በቀኝ የፊት ጎማ በኩል ባለው የሻንሲ ብረት ላይ ተመትቷል። እዚያ ቦታ ጭቃና ቅባት ስለሚጋገርበት በናፍጣ በተነከረ ጨርቅ ጠርጎ፣ ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል ማመሳከር ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ ቁጥር 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ በውስጡ አይገቡም። ኤምአር0 ብሎ የሚጀምር ሂሉክስ በታይላንድ፣ ኤኤችቲ ብሎ የሚጀምር በደቡብ አፍሪካ የተሠራ ነው። ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠሩ መኪኖች አጠር ያለ የተለየ ቁጥር ስላላቸው የሚጣሩት በጃፓን ሥርዓት ነው።

በቁጥሩ በአምራቹ ድረ ገጽ ወይም በአገር ውስጥ ወኪሉ በኩል መጠየቅ ይቻላል። ወኪሉ በእርሱ በኩል ላልገባ መኪና ኃላፊነት የለብኝም ሊል ይችላል፤ ያም ቢሆን ጥሪ መኖር አለመኖሩን በጽሑፍ ማወቅ ለመካኒኩ ምን ፈትሽ እንደሚባል ይወስናል። የአሜሪካው የመንግሥት መፈለጊያ በአብዛኛው ከ15 ዓመት በላይ የሆናቸውን ጥሪዎች ስለማያሳይ፣ «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ለአሮጌ ፒክአፕ ሙሉ ዋስትና አይደለም። ቦሎ ለማውጣት የሚደረገው ዓመታዊ ምርመራም ይህን አይተካም፤ ፍሬንና መብራት ደህና መሆናቸውን ያያል እንጂ ኤርባጉ ከየትኛው የምርት ዙር እንደመጣ አይጠይቅም።

የሻንሲ ቁጥር የማይነግረን አንድ ነገር ደግሞ አለ። ከተጋጨ መኪና የተፈታ መሪ ከነኤርባጉ ወደ ሌላ ፒክአፕ ከተገጠመ፣ የመጀመሪያው መኪና ጥሪ ከዕቃው ጋር አብሮ ይመጣል፤ በአዲሱ ቤቱ የሻንሲ ቁጥር ግን አይወጣም። ስለዚህ ያገለገለ መሪ ወይም ኤርባግ ከመግዛት በፊት የተፈታበትን መኪና የሻንሲ ቁጥር መጠየቅ፣ ሻጩ ካላወቀውም ዕቃውን መተው ይገባል። ጥገናው በጥሪው መሠረት ከተደረገ ደግሞ ወረቀቱ ከሊብሬው ጋር ተቀምጦ መኪናው ሲሸጥ ለገዢው ይተላለፍ።